የጌም ቡድናችን ዌብሳይት

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለን የፐብጂ ተጫዋቾች ነን። ቴሌግራም ላይ 60 ደርሰናል። የውድድር ውጤት በወሬ እየተዋጠ ስላስቸገረን የራሳችንን ዌብሳይት ልንሠራ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ከዜሮ ኮድ ልጻፈው» ይላል። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ጓደኛህ መለማመድ ከፈለገ ይጻፍ፤ ቡድኑ ግን አይጠብቀው። ወርድፕረስ የሚባለው፣ ኮድ ሳይጻፍ ዌብሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ አለ። ውጤትና የጨዋታ ቀን ለመለጠፍ ከበቂ በላይ ነው። የ60 ሰው የይለፍ ቃል ለጀማሪ ኮድ አደራ አይሰጥም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ የቡድናችንን ዶሜይን (የዌብሳይቱን አድራሻ ስም) አንድ ልጅ በግል ኢሜይሉ ገዛው። ገዛው እንላለን እንጂ ኪራይ ነው፤ በየጊዜው ካልታደሰ ይሄዳል። ልጁ ውጭ ሄደ። የማሳሰቢያውን ኢሜይል ያየ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዤ ስከፍተው የማላውቀው ማስታወቂያ ተደቅኗል! ሆስቲንጉም (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) አብሮ ስላለቀ የሁለት ዓመት ውጤታችን ውሃ በላው። እናንተ የጋራ ኢሜይል ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው። በየሳምንቱ ደግሞ ባክአፕ (የዌብሳይቱን መጠባበቂያ ቅጂ) ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ስክሪንሾት አሳንሳችሁ ጫኑ። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ልጅ 3 ሜጋባይት ፎቶ ቅጣት ነው፤ ለስልክ 200 ኪሎባይት ይበቃል።