ዘይት ወይስ ግሪስ? የብስክሌት ኩችኔታ ጥያቄና መልስ

ስለ ኩችኔታ፣ ማለትም ጎማው ቀለል ብሎ እንዲዞር አክስሉ ዙሪያ ስለሚገቡት የብረት ኳሶች፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ዛሬ ጎማና ፍሬን ይቆዩና በእሱ ላይ ብቻ እናውራ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የሰፈራችን ብስክሌት ሠሪ ኩችኔታውን በሞተር ዘይት አርሶ ይገጥመዋል። አባቴ ደግሞ «ግሪስ ነው እንጂ» ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አባትህ። ግሪስ እኮ ራሱ ዘይት ነው። ሳሙና ገብቶበት፣ ብዙ ጊዜ የሊቲየም ሳሙና፣ ረግቶ ነው እንጂ። ሳሙናው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይይዝና ለኳሶቹ ጥቂት በጥቂት ይለቅላቸዋል። ቀጭን ዘይት ብቻውን ሲሆን ቸርኬው ቀለል ብሎ ይዞራል፤ ግን አይቆይም። በአክስሉ ዳር ፈስሶ ያልቃል፤ ከዚያ አቧራና ውሃ ይገባል። ግሪስ ዳር ላይ ስለሚቀር አብዛኛውን ቆሻሻ እዚያው ያስቆመዋል።

በዘይት የሚሠራ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ብዙ የድሮ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ሞዟቸው (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ላይ ክዳን ያላት ትንሽ የዘይት ቀዳዳ አላቸው። ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ጠብ ያደርግበታል። አያትህ ቤት እንዲህ ያለ ራሌይ ካለ ቀዳዳውን አትድፈነው፣ ዘይት ስጠው። የስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞም ውስጡ ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። ለተራው ሞዞ፣ ለፔዳሉ አክስልና ለመሪው አንገት ግን ግሪስ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ በነጻ የምናገኘው የተቃጠለ ዘይትስ?

መልስ፦ ተዉት። ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት፤ ኳሱ የሚሄድበትን መንገድ ይፍቀዋል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የብስክሌት ግሪስ እዚህ የለም። የመኪና ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል፣ እናቴ። ማደያና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው ቁጥር 2 የሊቲየም ግሪስ ለመኪና ጎማ ኩችኔታ የተሠራ ነው። የብስክሌት ኩችኔታ ደግሞ ያን ያህል አይግልም፣ ያን ያህልም ጭነት የለበትም። ቀይ ሆነ ሰማያዊ ቀለሙ አያሳስብሽ። ብቻ አሮጌው ላይ አትደርቢ፣ መጀመሪያ ጥረጊው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ኩችኔታው ሲጮህ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን ስፕሬይ ይነፋበታል። ድምፁም ይጠፋል።

መልስ፦ ለጊዜው ነዋ! ያ ፈሳሽ በ1953 አሜሪካ ውስጥ የተቀመመው ውሃ እንዲያባርር ነው። ኩችኔታ ውስጥ ሲገባ ያለውን ግሪስ ያቀጥንና አጥቦ ያወጣዋል። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማሳጠብም ያው ነው። ውሃውን ሞዞው ላይ አታነጣጥሩ።

ጥያቄ (የሐዋሳ ተማሪ)፦ ራሴ ልሞክር ብዬ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰፋ ያለ ሰሃን ከሥር አስቀምጥ፤ ኳሶቹ ሲበተኑ ያበሳጫሉ። ዳዶውንና ሾጣጣውን (አክስሉ ላይ የሚጠብቀውን፣ ኳሶቹን የሚጫነውን ብረት) በአንድ በኩል ብቻ ፍታ፣ ሌላው ጎን እንደታሰረ ይቆይ። ኳሶቹን ቁጠር። የፊቱ ሞዞ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ 10፣ የኋላው ትልልቅ 9 ነው። ሁሉንም በላምባ ወይም በናፍጣ እጠብና በደንብ አድርቅ።

አሁን ሾጣጣውን ብርሃን ላይ አዙረህ እየው። የተጫረ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ቀይረው፤ ግሪስ የተበላ ብረት አይመልስም። ኳስ ከቀየርክ ሙሉውን ቀይር፣ አዲስና አሮጌ አትቀላቅል። ከዚያ ኳሶቹ የሚቀመጡበት የሞዞው ጎድጓዳ ውስጥ ግሪስ ቀብተህ ኳሶቹን አንድ በአንድ ጫንባቸው፤ ግሪሱ ይይዛቸዋል። ከላይም ትንሽ ድገም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ማጥበቁ ላይ ነው። አክስሉን በጣትህ ስታዞረው እየቆረጠ ከሄደ ጠብቋል። ቸርኬውን ወደ ጎን ስትነቀንቀው ከተንገጫገጨ ላልቷል። በእጅ መቆለፊያ የሚታሰር ጎማ ከሆነ ግን ከመቆለፉ በፊት በጣም ትንሽ ልል ይሁን፤ መቆለፊያው ሲጨመቅ ያጠብቀዋል። እኔን ከጠየቅህ፣ በምርጥ ግሪስ ከተሞላና ከጠበቀ ሞዞ፣ ተራ ግሪስ ይዞ በልክ የታሰረው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ስረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል። ግሪስ አልጎደለበትም።

መልስ፦ ችግሩ ግሪሱ ሳይሆን አይቀርም። የኋላው ጥርስ ውስጥ በስፕሪንግ የሚነሱ ትንንሽ ምላሶች አሉ። ወፍራም ግሪስ፣ በተለይ ብርድ ሲሆን፣ ያጣብቃቸዋል። እዚያ ቀጭን ዘይት ነው። በላምባ እጠበው፣ አድርቀው፣ በጎኑ አስተኝተህ እያዞርክ ጥቂት ጠብታ ጣልበት።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ አባት)፦ የእኔ ኩችኔታ የተዘጋ ነው፣ ኳሱ አይታይም።

መልስ፦ አባባ፣ የእርስዎ እንኳን ቀላል ነው። ከሻከረ ይቀየራል። ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 6001 ካለ ውስጡ 12፣ ውጪው 28፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ይዘው ኩችኔታ ሻጭ ጋ ይሂዱ። የግድ የብስክሌት ዕቃ ቤት መፈለግ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ በስንት ጊዜ?

መልስ፦ በየቀኑ ለሚነዳ በዓመት አንዴ። መስከረም ላይ፣ የክረምቱ ጭቃ ሲያልቅ። ሞዞው ጎርፍ ውስጥ ከገባ ግን መስከረምን አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ካቴናውንስ ግሪስ ልቀባው?

መልስ፦ አይ። አቧራ ይሰበስብብሃል። ዘይት ጠብ አድርግና ከላይ የቀረውን በጨርቅ ጥረገው።