አድቫንስድ ግራመር ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ስጽፍ ይጠፋብኛል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጅማ ሁለተኛ ዓመት እንግሊዝኛ ነሽ፤ የግራመሩን ሕግ ሸምድደሽዋል፣ ድርሰት ላይ ግን ብን ይላል፤ ቃላቱም አይያዝልሽም። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የተማርኩት፣ ያለሽበትን አውቀዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለቱን ቴንስ በሠንጠረዥ ጽፌ ከዶርም አልጋዬ በላይ ለጥፌ ነበር። ሚድ ላይ ምርጫውን በደንብ ሠራሁት። ከዚያ የአንድ ገጽ ድርሰት አሳይመንት ሲመለስልኝ ቀይ በቀይ ሆኖ መጣ። ሦስት ቦታ የተከበበችው ቃል «ባት» ነበረች። «ኦልዞ ኢት ሬይንድ፣ ባት ዊ ወንት» ብዬ ጽፌያለሁ። ምኑ ነው ጥፋቱ? ብዬ ግማሽ ቀን ተናደድኩ። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ግን ሄድን» ብንል ማንም አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ነው የሚፈልገው፤ «ኦልዞ» ካልሽ «ባት»ን ተዪያት።

የቸገረኝ ሕጉ ሳይሆን አማርኛዬ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አንድ ደብተር ለሁለት ከፈልኩ፤ በግራ የተሳሳትኩትን ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ የታረመውን፣ ከሥሩ ደግሞ «በአማርኛ እንዴት ነው የምለው?» የሚለውን እጽፋለሁ። ወር ሳይሞላ ስህተቶቼ አምስት ስድስት ብቻ ሆነው ተገኙ፣ እየተመላለሱ ነበር። ለምሳሌ እኛ «እመጣለሁ አለኝ» እንላለን፣ የሰውየውን አፍ እንዳለ ነው የምናመጣው። እንግሊዝኛው «ሂ ሰይድ ሂ ዉድ ካም» ነው፤ «እኔ» የነበረው «እሱ» ይሆናል፣ ጊዜውም ወደ ኋላ ይሄዳል። «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርስ በልቼ ክላስ ገባሁ» ደግሞ በአማርኛ ያምራል፤ በእንግሊዝኛ ስጽፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት «ኤንድ» ይሰለፋል።

አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ የሆነ የዶርም ልጅ ነበረን። እኔ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ብዬ ስለማስብ ሪላቲቭ ክሎዝ (እንደ «የገዛሁት» ስምን የሚገልጸው ሐረግ) ያንገላታኝ ነበር፣ መጽሐፉ የሚመጣልኝ መጨረሻ ላይ ነው። እሱ «ኪታበ ከሌሰን ቢቴ» ይላል፣ መጽሐፉ እንደ እንግሊዝኛው ቀድሞ ይመጣል። እሱ ሪላቲቭ ክሎዝን ያስረዳኛል፣ እኔ ሌላውን አስረዳዋለሁ። ከብቻ ጥናት ይልቅ እንዲህ ያለ ጓደኛ ፈልጊ፤ ጅማ ላይ አይጠፋም።

ቃላትን በተመለከተ፣ መዝገበ ቃላት ከ«ኤ» መጀመሩን ተዪው (እኔ «ቢ» ላይ ነው ያቆምኩት)። አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፤ 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት አንድ ላይ)፣ በአሥር ክፍል፣ አብዝተው የሚመጡት ቀድመው። የመጀመሪያው ክፍል 60 ነው፤ እሱን ብቻ ያዢ። ግን ቃሉን ከነጓደኛው ነው የምትይዢው። «ሪሰርች» ጥናት ነው ብለሽ ብታልፊ «ኤ ሪሰርች» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ቃሉ አይቆጠርም፣ «ኤ» አይቀድመውም። «ኮንደክት ሪሰርች» ብለሽ አንድ ላይ ያዢው። እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጀበና ቡና ላይ እየተቀመጥን፣ በየሲኒው አንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ነበር ጨዋታችን። ያልቻለ ይከፍላል። ብዙ ከፍያለሁ።

አካዳሚክ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ከመጽሐፍ ስትወስጂ አንቀጹን አንብቢ፣ ዝጊው፣ ለአንድ ሰው በአማርኛ ንገሪው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፊው። አማርኛው ላይ ከተደናቀፍሽ አልገባሽም ማለት ነው፣ መልሰሽ ክፈቺው። የጸሐፊውን ስም መጥቀስ ግን አትርሺ። ደግሞ አንድ ጥናት ያሳየውን ሁሉ «ፕሩቭ» (አረጋገጠ) አትበይው፤ «ሰጀስት» (ይጠቁማል) ይበቃል።

ሰሞኑን ከጻፍሽው አንድ አንቀጽ እዚህ ለጥፊ። የእኔን አሳይመንት እንዳረመው መምህር ስህተቱን እከብልሻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አልነግርሽም።