ከታይታኒክ የተረፈው ቴኒስ ተጫዋች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከታይታኒክ የተረፈ ሰው በኋላ በቴኒስ የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝቷል ብዬ ባወራ ጓደኞቼ አላመኑኝም። እውነት ነው? ደግሞ አማተር ነበር ይባላል፣ አማተር ሆኖ እንዴት ሻምፒዮን ይኮናል? ወንድማችሁ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን እውነትህን ነው፣ ሰውየው ሪቻርድ ኖሪስ ዊሊያምስ ይባላል። ወላጆቹ አሜሪካውያን ናቸው፣ እሱ ግን በ1891 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ጄኔቫ ነው የተወለደው። ኤፕሪል 1912 ላይ የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ አሜሪካ ሄዶ ቴኒስ ሊጫወት፣ ሃርቫርድም ሊገባ ከአባቱ ጋር ታይታኒክ ተሳፈረ። መርከቧ ስትሰምጥ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ፣ አባቱን ትልቁ የጭስ ማውጫ ወድቆበት ገደለው፣ እሱ ዋኝቶ ግማሹ ውሃ የሞላ ጀልባ ላይ ደረሰና እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ለሰዓታት ጠበቀ፣ አብረውት ከነበሩት ብዙዎቹ በብርዱ አለቁ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ካርፓቲያ የምትባለው መርከብ ካነሳቻቸው በኋላ ሐኪሙ እግሮቹን አይቶ መቆረጥ አለባቸው አለ። እምቢ አለ! በየሁለት ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን እየተነሳ መራመድ ጀመረ፣ የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንዴት እንደሚያም ብርድ የመታው ሰው ያውቀዋል። በነዛው እግሮች በዛው ዓመት ከሜሪ ብራውን ጋር የአሜሪካን የድብልቅ ጥንድ (ወንድና ሴት አንድ ላይ ሆነው የሚጫወቱበት) ሻምፒዮና አሸነፈ፣ ከዛ በነጠላ፣ ማለትም አንድ ለአንድ በሚጫወቱበት፣ በ1914 እና በ1916 ሻምፒዮን ሆነ። በ1914 ሩብ ፍጻሜ ላይ ያሸነፈው ካርል ቤር ደግሞ እሱም ከታይታኒክ የተረፈ ነው፣ እስቲ አስበው ሁለቱ መረቡን መሃል አድርገው ሲተያዩ! ከዛ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ፈረንሳይ ዘምቶ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ። ወርቁ የመጣው በ1924 ፓሪስ ላይ ነው፣ 33 ዓመቱ ነበር፣ ቁርጭምጭሚቱም ተጎድቶ ነበር፣ ከሄዘል ዋይትማን ጋር በድብልቅ ጥንድ አሸነፉ።

አማተር ያልከው፣ በዛ ጊዜ ጀማሪ ማለት አይደለም፣ ለጨዋታው ገንዘብ የማይቀበል ማለት ነው። ትላልቆቹ ውድድሮች ገንዘብ ለሚከፈላቸው ተጫዋቾች ዝግ ስለነበሩ ምርጦቹ የሚጫወቱት ለዋንጫ ነው፣ እንጀራቸው ከሌላ ሥራ ነው፣ ዊሊያምስም ፊላደልፊያ ውስጥ የባንክ ሰው ነበር። ያ በር የተከፈተው በ1968 ነው፣ እሱም በዛው ዓመት ጁን ላይ በ77 ዓመቱ አረፈ።