የታሸገው 4.0 ወይስ «6.0 ይሆናል» የተባለው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። በሁለት መስመር መልሼ ልተኛ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ላላያችሁት ልድገመው፦ ልጇ ዘንድሮ ከኮሌጅ ይመረቃል። ብላክ ፓንተር የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበትን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት)፣ «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52ን ልትሰጠው አስባለች። ኢቤይ ላይ ሁለት አግኝታለች። አንዱ ሲጂሲ የተባለው፣ ኮሚክ እየመረመረ ደረጃ የሚሰጥ ኩባንያ፣ 4.0 የሰጠው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ነው። ሌላው ያልታሸገ ነው፤ ሻጩ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን 6.0 ይሆናል» ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልግዛ ነው ጥያቄው።

የታሸገውን ግዢ። ይህን ስል ግን የታሸገ ሁልጊዜ ይበልጣል እያልኩሽ አይደለም። እኔ ቤት ካሉት ኮሚኮች አብዛኞቹ ያልታሸጉ ናቸው፣ የምወዳቸውም እነሱን ነው። እዚህ ላይ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንዲገባሽ የኔን ጉድ ልንገርሽ።

በፈረንጆቹ 2012 ነው። «ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181 ያልታሸገ ለሽያጭ ወጣ። ይሄ የ1974 ኮሚክ ዎልቨሪን የተባለው ጀግና በሙሉ ታሪክ የገባበት ነው፤ በቁጥር 180 የመጨረሻ ገጽ ላይ ብቅ ቢልም ሰው የሚሻማው 181ን ነው። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። ሻጩ የሽፋኑን የፊትና የኋላ ፎቶ አድርጓል። 650 ዶላር ከፈልኩ። ሲደርሰኝ ከላስቲኩ እንኳ አላወጣሁትም። እጄ እንዳያበላሸው ፈርቼ እንደ ሠርግ ልብስ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከነላስቲኩ አውጥቼ አሳያለሁ።

ዓመት ተኩል ቆይቼ ደረጃ እንዲወጣለት ላክሁት። ተመልሶ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ ያለው መለያ አረንጓዴ ነው። ያን ጊዜ አረንጓዴ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። ሳነበው የአንባቢዎች ደብዳቤ በሚወጣበት ገጽ ላይ የነበረችው «ቫልዩ ስታምፕ» ተቆርጣ ወጥታለች ይላል። አሳታሚው ማርቬል በ1974 እና በ1975 በኮሚኮቹ ውስጥ ቴምብር የምታክል ሥዕል ያትምና ልጆች ቆርጠው እንዲሰበስቡ ያበረታታ ነበር። አንድ የአሜሪካ ልጅ የታዘዘውን አደረገ፤ መቀሱን አነሳና ቆረጠ። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ከፈልኩበት። ቴምብሯ የሌለችው 181 ቴምብሯ ካለችው በግማሽና ከዚያም በታች ነው የምትሸጠው። ሻጩን ልክሰሰው ብል ደግሞ ምን ብዬ? «ሙሉ ነው» አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ኢቤይ «እንደተገለጸው አይደለም» ብለሽ የምትመልሺበት ጊዜ ባብዛኛው ዕቃው ከደረሰ 30 ቀን ነው። እኔ ዓመት ተኩል መሳቢያ ውስጥ አስተኝቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማሸጊያው ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ሰው የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ 4.0፣ 6.0፣ 9.4። ቁጥሩ ከ0.5 እስከ 10 ይሄዳል፤ 4.0 ማለት ብዙ የተነበበ ግን በወጉ የቆየ፣ 6.0 ማለት ከዚያ የተሻለ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሰው አስተያየት ነው። ያው መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ቢላክ ግማሽ ነጥብ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። እኔ የምከፍለው ከቁጥሩ በፊት ለሆነው ነገር ነው፦ አንድ የማያውቀኝ፣ ከሽያጩም የማይጠቀም ሰው መጽሐፉን ገልጦ ቅጠሎቹን ቆጥሯል። የተቆረጠ ኩፖን ፈልጓል። ሽፋኑ ጫፍ ላይ ቀለም የተቀባ፣ በኮላ የተጠገነ፣ ዳሩ በምላጭ የተላገ መሆኑን አይቷል። ይህን ፎቶ አያሳይሽም። መርካቶ ጨርቅ ስትገዢ ዳስሰሽ፣ ወደ ብርሃን አውጥተሽ ነው። እዚህ መዳሰስ የለም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ዳስሶልሽ ማኅተሙን አድርጎበታል።

ለዚያም ነው የታሸገ ስትገዢ ከቁጥሩ በፊት የመለያውን ቀለም ማየት ያለብሽ። ሲጂሲ ጋ ሰማያዊ ማለት ምንም የተለየ ጉዳይ የለበትም ማለት ነው። ሐምራዊ ከሆነ መጽሐፉ ታድሷል፤ ቀለም ተቀብቷል፣ ወረቀት ተጨምሮበታል ወይም ዳሩ ተላግቷል። 7.0 ያለው ሐምራዊ ዓይን ያፈዛል፤ ዋጋው ግን ከሰማያዊው 7.0 በጣም ይርቃል። አረንጓዴ የኔው ነው፤ የጎደለ ወይም የተለየ ጉድለት አለ፣ ቁጥሩም ያንን ጉድለት ወደ ጎን ትቶ የተሰጠ ነው። ቢጫ በምስክር ፊት የተፈረመ ነው። ፎቶው የመለያውን ጫፍ ቆርጦ ቁጥሩን ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመሽ ሙሉውን ጠይቂ። መለያው ላይ የወረቀቱ ሁኔታም ተጽፏል፤ ነጭ፣ ወደ ነጭ ያዘነበለ፣ ክሬም እያለ ይወርዳል። የዚያ ዘመን ኮሚክ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ውስጡ አሲድ አለ፤ ሙቀትና ብርሃን ያቃጥለዋል። «ተሰባሪ» የሚል ካየሽ ቁጥሩ ምንም ይሁን እለፊው፤ ለልጅሽ ሲደርስ ዳሩ ይረግፋል።

አንድ ጓደኛዬ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ያልታሸገ የስድሳዎቹ ስፓይደርማን ገዝቶ ደስ ብሎት አምጥቶ አሳየኝ። ጥቁሩ ሽፋን ላይ አንዲት ነጭ ስንጥቅ የለም። ስልሳ ዓመት ለሚጠጋ ጥቁር ሽፋን ያ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው። ሽፋኑን ገልጠን ከውስጥ በኩል ስናይ በጀርባው እጥፋት ላይ የማርከር ቀለም ሰርጎ ወጥቷል። ሻጩ ይወቅ አይወቅ እግዜር ይወቀው። ምናልባት ከሱ በፊት የነበረው ነው የቀባው።

ማሸጊያው ራሱ እንደ ታቦት አይታይ። ሲጂሲ በ2000 ነው የተጀመረው፤ ተፎካካሪው ሲቢሲኤስ በ2014 መጣ። በ2023 መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተገለጠ፦ ከፍተኛ ቁጥር ባላቸው የሲጂሲ ማሸጊያዎች ውስጥ ዝቅ ያለ መጽሐፍ እየተካ የሚሸጥ ሰው ተገኘ። ኩባንያው የሚጠረጠሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮች ዝርዝር ለማውጣት ተገደደ። ስለዚህ እዚህም ዓይንሽን አትጨፍኚ። መለያው ላይ ያለውን ቁጥር ወስደሽ ድረ ገጻቸው ላይ አስገቢ፤ ርዕሱ፣ ደረጃውና የወረቀቱ ሁኔታ መግጠም አለበት። ለአንዳንዶቹ ፎቶም አለ፤ ካለ በሽፋኑ ላይ ያሉትን ጭረቶች አንድ በአንድ አስተያዪ። ሳጥኑ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ወይም የተፈለቀቀ ከመሰለ አትንኪው። ፕላስቲኩ ላይ እንደ ቤንዚን ጠብታ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ብታዪ ግን አትደንግጪ፤ የፕላስቲኩ እንጂ የመጽሐፉ ጉዳይ አይደለም።

ደግሞም ሁለት 4.0 አንድ አይደሉም። አንዱ ሽፋኑ የሚያምር ሆኖ ኋላው ላይ የውኃ እድፍ አለበት፤ ሌላው ኋላው ንጹህ ሆኖ ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የታጠፈ መስመር አለው። ቁጥራቸው እኩል ነው። አንቺ ለስጦታ ነው የምትገዢው፤ ልጅሽ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ፊቱን ነው። ጉድለቱ ኋላ ላይ ያለውን ምረጪ።

እንግዲህ ወደ ሌላው፣ ያልታሸገው «6.0 ይሆናል» ወደተባለው ልምጣ። አንድ ነገር አስቢ። እውነት 6.0 ቢሆን፣ በዚህ በሚፈለግ ኮሚክ ላይ፣ ሻጩ ለምን በ4.0 ዋጋ ይሸጠዋል? ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የማሸጊያውን ክፍያና ወራት የሚፈጅ ጥበቃ አልፈልግም የሚሉ አሉ፤ የሟች አባታቸውን ሳጥን የሚሸጡ ሰዎችም አሉ። እኔም ከእንደዚህ ዓይነቱ ሻጭ ያገኘሁት ጥሩ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ልዩነቱ ያለው ያልተነሣው ፎቶ ውስጥ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

አይ፣ ያልታሸገውን ነው የምፈልገው ካልሽ፣ ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት ይህን ጠይቂው። የፊትና የኋላ ሽፋን በቀን ብርሃን፤ ሁለቱም ሽፋኖች ከውስጥ በኩል፤ መካከለኛው ገጽ፣ ቅጠሎቹን የያዙት ሽቦዎች በግልጽ እየታዩ፤ ሦስቱም ዳሮች። ከሁሉ በላይ ገጾቹን አንድ በአንድ የሚገልጥበት ቪዲዮ። በ1966 የነበረ መደበኛ ኮሚክ ከሽፋኑ ሌላ 32 ገጽ አለው፤ 16 ቅጠል ነው፤ ቁጠሪ። ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን አቡንቶት እንደሆነ፣ መካከለኛው ቅጠል ከሽቦው ተላቆ እንደሆነ፣ ስኮች እንደተለጠፈበት ጠይቂ። ሽታውንም ጠይቂ፤ ምድር ቤት የከረመ ኮሚክ ይሻግታል፣ ፎቶ ላይ ምንም አይታይም። ይህን ሁሉ ደስ ብሎት የሚልክ ሻጭ አለ፤ እንደሱ ዓይነቱን ካገኘሽ ሐሳቤን እለውጣለሁ። «ፎቶው ይበቃል» የሚልሽን ተዪው።

ኮፒውም ጉዳይ ነው። ማርቬል የድሮ ኮሚኮቹን ከነማስታወቂያቸው እንደገና ያትማል፤ የሃልክ 181ን እንዲህ አድርጎ በ2019 አውጥቷል። በ1966 ኮሚክ ላይ ባርኮድ ሊኖር አይችልም፤ ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር። ሌላው አሳታሚ ዲሲም በ1974 የመጀመሪያውን የሱፐርማን ኮሚክ በትልቅ መጠን እንደገና አትሞ ነበር፤ ወፍራሙን የውጭ ሽፋን ገንጥለው «የ1938ቱ ነው» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። መጠኑን ያለካ ሰው ይበላል።

ያልታሸገ የሚሻለው ዋጋው ትንሽ ሲሆን፣ ወይም ለንባብ ሲሆን ነው። ለማሸግ የሚከፈለው በመጽሐፉ ዋጋ ይወሰናል፤ በዚያ ላይ የመላኪያና የኢንሹራንስ አለ። 20 ዶላር ለሚያወጣ ኮሚክ ይህን ማድረግ ለአሮጌ ጫማ አዲስ ሣጥን መግዛት ነው። የታሸገ ደግሞ አይነበብም። እኔ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ለገሃር አካባቢ መጽሐፍ ደርድረው ከሚሸጡት ላይ ሽፋን የሌለው ኮሚክ ነበር የምገዛው፤ መጨረሻው የተገነጠለ ከሆነ ታሪኩን እኛው እንጨርሰዋለን። ያን ጊዜ ማን ቅጠል ይቆጥራል! አሁንም የማነበው ሲሆን ለስንጥቅና ለእድፍ ግድ የለኝም።

ስለዚህ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። 52ን የታሸገውን እገዛለሁ። ከዚያ «ጃንግል አክሽን» ከሚባለው፣ ከ1973 እስከ 1976 ብላክ ፓንተር ዋና ገጸ ባሕርይ ከሆነበት፣ ጥቂት ቁጥሮች ያልታሸጉ እጨምርለታለሁ። በመጠኑ የተነበቡት ዋጋቸው ከ52 ጋር አይወዳደርም። አንዱን ይሰቅላል፣ ሌሎቹን ያነባል። በነገራችን ላይ 52 ሽፋኑ ላይ ያለው ቀን ሐምሌ 1966 ነው፤ ብላክ ፓንተር የሚባለው ፓርቲ ኦክላንድ ላይ የተመሠረተው ጥቅምት ላይ ነው። ሰዎች ኮሚኩ ስሙን ከፓርቲው የወሰደ ይመስላቸዋል፤ ኮሚኩ ግን ቀድሞ ወጥቷል። ልጅሽ ይህን ካላወቀ ስጦታውን ስትሰጪው ንገሪው።

ዋጋውን ስታመዛዝኚ ሻጮች የሚጠይቁትን አትዪ፤ ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጪና ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት እይ። በ2021 ዋጋው ሰማይ ነክቶ ከዚያ ወርዷል፤ አንዳንድ ሻጭ አሁንም የያን ጊዜውን ዋጋ እያሳየ ይከራከራል።

መላኪያውንም አትርሺ። ሻጩ «በሚዲያ ሜይል» ማለትም በአሜሪካ ፖስታ ቤት ርካሹ የመጽሐፍ መላኪያ «እልካለሁ» ካለሽ እምቢ በዪ። ኮሚክ ማስታወቂያ ስላለበት በፖስታ ቤቱ ደንብ በዚያ አይላክም፤ ከፍተው ካገኙት ተጨማሪ ሊያስከፍሉሽ ወይም ሊመልሱት ይችላሉ። በዚያ ላይ ቀርፋፋ ነው። ኢንሹራንስ ያለው ይሁን፤ የታሸገው በአረፋ ላስቲክ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ እንጂ በፖስታ እንዳይላክ ንገሪው፤ የፕላስቲክ ማሸጊያው ከተሰነጠቀ የከፈልሽበት ግማሹ ሄደ። ሲደርስሽ እንደኔ መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው፤ በዚያው ቀን አውጥተሽ እዪው፣ ስትከፍቺም ቪዲዮ ቅረጪ።

የመለያውን ሙሉ ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ዛሬ ማታ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።