የአባቶቻችሁን ጓዶች ስለማገናኘት፦ ለወሎ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ወረኢሉ ወይም ባቲ የምትኖሩ ከሆነ፣ በቤታችሁ ባይሆን በጎረቤታችሁ አንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል አይጠፉም። የእሳቸው ጓዶች ግን ተበትነዋል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ኤርትራ ከነበረው ብዙው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከባሕር ኃይሉ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የወጣ አለ፤ በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ የገባ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኋላ በስደተኛነት አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓና አውስትራሊያ ደረሱ። በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዛሬ ሰባን ሊደፍን ነው።

ሁለቱም ወገን ስልክ አለው። የጎደለው በመሃል ቆሞ ስም የሚጽፍ፣ ቁጥር የሚያፈላልግ፣ ሰዓት የሚያመሳክር ሰው ነው። ያ ሰው እንድትሆኑ ነው ይህን የምጽፍላችሁ፤ እንዴት እንደሚሠራም እነግራችኋለሁ።

ሥራው በስልክ ሳይሆን በደብተር ይጀመራል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ 100 ገጽ ደብተር ግዙና ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ። ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ ውጭ አገር ብዙ ጊዜ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ ያለ አያት ስም ፌስቡክ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በላቲን ፊደል ሲፈለግ አንድ ስም በአራትና በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል፣ ሁሉንም ሞክሩ። ሲሰደዱ ሌላ ስም ይዘው የተሻገሩም አሉ። ያንን ስም ብታውቁት እንኳ ከደብተሩ አይውጣ፤ የመኖሪያ ወረቀታቸው በዚያ ስም የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የጦር ክፍሉን ከታች ወደ ላይ ጠይቁ፦ ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር። ብዙዎቻችሁ የክፍለ ጦሩን ቁጥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ክፍለ ጦር ግን የብዙ ሺህ ሰው ስብስብ ስለሆነ ሰው አያስገኝም። ሰው ሰውን የሚያስታውሰው አብሮ በበላበትና ጎን ለጎን በተኛበት በጓዱና በሻምበሉ ነው። በብሔራዊ ውትድርና የገቡ ከሆነ ስንተኛ ዙር እንደሆኑና የት እንደሠለጠኑ ጠይቁ፤ ብር ሸለቆ፣ ብላቴ፣ ጦላይ፣ ሁርሶ ሲባል ፊታቸው ይፈታል። ሥራቸውንም ጻፉ፤ እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ታንከኛ፣ የመገናኛ ሰው፣ ሹፌር። የሻምበሉን ጸሐፊ፣ የራዲዮ ኦፕሬተሩን፣ ስንቅ ያመላልስ የነበረውን ሹፌር ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ በእነሱ በኩል ታገኛላችሁ፤ ከሁሉም ጋር ይተዋወቁ የነበሩት እነሱ ናቸውና። የሠራዊት ቤት ቅጽል ስምም አይዘለል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአባት ስም ሲጠፋ ቅጽል ስም ይቀራል።

የትውልድ ቦታ ሲነገራችሁ የምትሰሙት የድሮውን አውራጃ ነው። አምባሰል፣ የጁ፣ ላስታ፣ ዋግ፣ ወረሂመኖ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ቦረና ይሏችኋል። ዛሬ ያ መሬት በተለያየ ዞንና ክልል ተከፋፍሏል። «የራያና ቆቦ ልጅ ነው» የተባለ ሰው ቤተሰቡ ቆቦ ሊሆን ይችላል፣ አላማጣም ሊሆን ይችላል። «የቃሉ ሰው» የተባለም ዛሬ በደቡብ ወሎም በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የደብሩን ወይም የመስጊዱን ስም ጨምሩበት፤ ወረዳ ይቀያየራል፣ ደብርና መስጊድ ግን ከቦታቸው አይነሱም።

ከውጭ የሚመጣ አሮጌ ማስታወሻ ላይ ስድስት አሃዝ ያለው የደሴ ስልክ ብታገኙ አትጣሉት። በ1998 መጀመሪያ የስልክ ቁጥር ሲለወጥ የወሎው 03 ወደ 033 ተቀየረ፣ የቤት ቁጥሩም ሰባት አሃዝ ሆነ። ከውጭ ሲደወል ከ251 በኋላ ዜሮዋ ትወጣለች፤ ዜሮዋን እያስገቡ «ቁጥሩ አይሠራም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ናቸው። የሞባይል ቁጥር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሌላ ሰው ካነሳ ይቅርታ ጠይቃችሁ ዝጉ፣ ታሪኩን ለማያውቁት ሰው አትዘርዝሩ። ኢሞም ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲሙ ሲጠፋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከአሮጌው ሰው ቁጥር ሥር የአንድ ልጃቸውን ቁጥር የምታስጽፉት ለዚህ ነው። ካርቱም የነበሩ ጓዶች ያላቸው ደግሞ ከ2015ቱ የሱዳን ጦርነት በፊት የተጻፈን ቁጥር አይመኑ።

ገጠር ያለን ሰው ለማግኘት ከፌስቡክ ይልቅ ገበያና ቅሬ (የሰፈሩ እድር) ይበልጣሉ። የባቲ ሰኞና የሰንበቴ እሑድ ከብዙ ቀበሌ ሰው የሚገናኝባቸው ናቸው። የቅሬ ዳኛ በማን ጎጆ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል። ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማስነገርም ይቻላል። ስታስነግሩ ግን «ወታደር የነበሩ» አትበሉ። ያንን ዘመን ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩ አሉ፣ የሚያስፈራቸውም አለ። «ውጭ አገር ያለ ወዳጃቸው ሰላምታ ልኳል፣ አቶ እገሌ የእገሌ ልጅ» ማለት ይበቃል።

ፎቶ ካለ ከሁሉ ይቀድማል። ከአልበሙ አትንቀሉት፤ የተለጠፈ አሮጌ ፎቶ ሲነቀል ጀርባው ይቀደዳል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ሊኖር ይችላል። ላላ ያለ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ አንሱ። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከፎቶው ትክክል በላይ ይዛችሁ አንሱ። ላስቲክ የለበሰ ከሆነ ላስቲኩን ገለጥ አድርጉ፤ ካልተገለጠ ነጸብራቁ ፊት ላይ እንዳያርፍ አልበሙን ትንሽ አዙሩት። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጣችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከኋላው ረድፍ ጀምራችሁ፣ የእያንዳንዱን ስም በወረቀት ጻፉ። የማይታወቀውን «አልታወቀም፣ ጠይም፣ ከጫፍ የቆመ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩት። በተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የኋላው ረድፍ ፊት አይለይም። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ለሕዝብ አትለጥፉት።

«እኔ ጓዱ ነኝ» እያለ ገንዘብ የሚለቅም አጭበርባሪ አለ። ስለዚህ ከማገናኘታችሁ በፊት ለብቻ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የሻምበሉ አዛዥ ማን ነበር? ምን ብለው ይጠሩት ነበር? ፎቶው የት ተነሣ? አጭበርባሪ ስለ ጦርነቱ ብዙ ያወራል፣ ስለ ሰው ግን ጥቂት ያውቃል።

የመጀመሪያው ጥሪ በድንገት አይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ለሁለቱም ንገሩ፤ ያኔ የሚጠይቁትን ያስባሉ፣ ልባቸውም ይዘጋጃል። ቪዲዮ አትክፈቱ። አንዱ እግሩን ወይም ዓይኑን አጥቶ ይሆናል፣ መታየት የሚፈልገው መቼ እንደሆነ ራሱ ይወስን። ድምፅ ይበቃል። ላውድ ስታደርጉት ሁለተኛ ስልክ እዚያው ክፍል ውስጥ አብሮ መስመር ላይ አይሁን፣ ይጮኻል። ሰላምታው ይረዝማል፤ ጤናው፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ ከብቱ ሲጠያየቁ ጣልቃ አትግቡ። ስለ ውጊያ እናንተ አታንሱ፤ እነሱ ካነሱት ዝም ብላችሁ ስሙ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ቀጣዩን ቀን አስቆርጣችሁ ዝጉት፤ ከዚያ ሲረዝም ወይ ለቅሶ ይሆናል ወይ «ማን ጥሎ ሄደ» ወደሚል ክርክር ይዞራል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ቡና ይፈላ፣ እስከ በረካው ተቀመጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሊያጡ ወይም ቅዠት ሊመጣባቸው ይችላልና የቤቱ ሰው ይወቅ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። ውጭ ያለው ሰው ስም እየጠራ «ባሻ እገሌስ?» ማለቱ አይቀርም፤ እናንተም መሞቱን ታውቁ ይሆናል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ግን «ደህና ነው» ብላችሁም አትዋሹ፤ ለሞተ ሰው ሰላምታና ገንዘብ ሲላክ ቆይቶ እውነቱ ሲወጣ የሚሰበረው ሐዘንተኛው ብቻ ሳይሆን በእናንተ ላይ የነበረው እምነት ጭምር ነው። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በሉ። ከዚያ እዚያው ከተማ ያለ ልጃቸውን፣ ጓደኛቸውን፣ ቄሱን ወይም ሼሁን ፈልጉና ለእሱ ንገሩ። ሁለት ሦስት ሆነው በጠዋት ቤታቸው ሄደው ያርዷቸው። ሥራ የሚገቡበትን ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው፤ ብዙዎቹ ታክሲ ወይም ከባድ መኪና ያሽከረክራሉና ከመርዶ በኋላ መሪ መጨበጥ የለባቸውም። ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ያን ሌሊት አብሯቸው የሚያድር ሰው ይኑር። እዚህ ደግሞ ሰደቃው ወይም ተዝካሩ ሲደርስ ቀኑን ንገሯቸው፣ ስማቸው ከጓዶቹ ጋር ይጠራ።

መርዶ ሳይሰሙ የቀሩ እናቶችና ሚስቶች ያሉባቸው ቤቶችም አሉ። ውጭ ያለ አንድ ጓድ በወሬ መካከል «እሱ እኮ እዚያ ቦታ ወደቀ» ሊል ይችላል። ይህን ይዛችሁ ወደ ቤተሰቡ እንዳትሮጡ! በጦርነት ወደቀ የተባለ ተማርኮ የተገኘበት፣ አንዱ በሌላው ስም የተጠራበት ጊዜ አለ። ያልተነጋገሩ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ፦ ቦታው፣ ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በዓይኑ አየ ወይስ ከሌላ ሰማ፣ የት ተቀበረ። ወሬው የተለየ ከሆነ ደብተሩ ላይ ሁለቱንም አስፍራችሁ ተዉት። ከገጠመ ለቤተሰቡ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እናንተ አይደላችሁም። ሚስቲቱ ሌላ ትዳር መሥርታ ይሆናል፣ በውርስ የተከፋፈለ መሬትም ይኖራል፤ ማን አስቀድሞ መስማት እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ግንኙነቱ እንዲቆይ ወር በወር የማይለወጥ ቀንና ሰዓት ይኑረው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ለብዙው ይመቻል፤ ዋሽንግተን ጠዋት ላይ ናት፣ በእነሱ ሰዓት በክረምታቸው 7፣ በበጋቸው 8፤ ስቶክሆልም ከምሳ በኋላ፣ ሜልቦርን ከመኝታ በፊት። ቀጠሮ ስትጽፉ «በኢትዮጵያ 9፣ በስልኩ 15:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ አለዚያ አንዱ ማታ ይደውላል። አሜሪካ በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ አውሮፓ ደግሞ በሌላ ሳምንት ሰዓት ስለሚቀይሩ በእነዚያ ወራት አስቀድማችሁ አስታውሱ። በአንድ መስመር ከስድስት ሰው በላይ አታስገቡ። የድምፅ መስመር ይበቃል፤ የጽሑፍ ግሩፕ ከከፈታችሁ ግን ለአንድ ሻምበል ሰዎች ብቻ ይሁን፣ ከሌላ ቦታ የተላለፈ ፖለቲካም አይለጠፍበት። የአሥር ዓመት ወዳጅነት በአንድ ሳምንት ሲፈርስ የሚታየው በዚህ ነው።

የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ክረምት ሲቋረጥ ኢሞና ቴሌግራም ዝም አሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ዘመድ ቁጥር ይጻፍ፤ መልእክቱ በዚያ በኩል በተራ ስልክ ይደርሳል። የደብተሩ ቅጂም ሌላ ከተማ ይቀመጥ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከብዙ ቤት ሰነድ ጠፍቷል።

ገንዘብን ከጥየቃው ለዩት። ለሕመም ወይም ለቀብር ከተሰበሰበ በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ የገባውና የወጣው ለሰጪዎቹ ይነገር። በመሃል የቆማችሁት እናንተ ፈራሚ ባትሆኑ ይሻላል። ውጭ ያሉት በትውልድ ሰፈራቸው ቅሬ አባልነታቸውን ማቆየት ከፈለጉ ወርኃዊውን መዋጮ ቤተሰብ እንዲከፍልላቸው ከዳኛው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ስማቸው በሰፈሩ መዝገብ መቆየቱ ለብዙዎቹ ከብሩ የሚበልጥ ነገር ነው።

እናንተም ለትምህርት ወይም ለሥራ መሄዳችሁ አይቀርም፤ ጅዳም ይሁን አዲስ አበባ። ከመሄዳችሁ ከወር በፊት ተተኪውን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ አንዱን የቅዳሜ ጥሪ እሱ ወይም እሷ ይምሩት፣ ሽማግሌዎቹም ድምፁን ይልመዱ። ደብተሩን ስታስረክቡ እርዳታ ወይም መርዶ በመጠባበቅ ላይ ያሉትን ገጾች በቃል አስረዱ፣ የስልኩን የይለፍ ቃልም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።