ዴዝ ቫሊ ለማደር ላሰባችሁ፦ መጀመሪያ ከፍታውን እዩ

ከላስ ቬጋስ ተነስቶ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ያለው ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት ይበቃል። ይህ ቅርበት ያዘናጋል፤ ማደሪያ ሳይዝ፣ ውሃ ሳይጭን የሚነሳው ብዙ ነው። ማደሪያ ስትመርጡ ከዋጋውም ከምቾቱም በፊት የቦታውን ከፍታ ጠይቁ። ቆላና ደጋ ለይቶ ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እዚያ ሁለቱም በአንድ ፓርክ ውስጥ አሉ። 300 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል።

የፓርኩ ዋና ማደሪያ ሰፈር ፈርነስ ክሪክ ከባሕር ወለል በታች 60 ሜትር ላይ ነው። በጃንዋሪ ቀኑ 19፣ ሌሊቱ 4 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ለድንኳን ይመቻል፤ ለገና ዕረፍት ደህና ጊዜ ነው። በጁላይ ግን የቀኑ አማካይ 47 ዲግሪ (117 ፋራናይት) ሲሆን ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 አይወርድም። በዚያ ሙቀት ልጆችን ድንኳን ውስጥ ማስተኛት አይታሰብም። የእንቁጣጣሽ ሰሞንም ቢሆን ገና አይበርድም።

የፈርነስ ክሪክ ካምፕ ከኦክቶበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 በመንግሥት የቦታ መያዣ ድረ ገጽ በሪክሪኤሽን ዶት ጋቭ (recreation.gov) አስቀድሞ ይያዛል፤ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚከፈት ለበዓል ሰሞን ቶሎ ያዙ። አጠገቡ ያለው ሰንሴት ጠጠር የፈሰሰበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ የሚሻለው ለአርቪ (መኝታ ላለው ትልቅ መኪና) ነው፣ እሳትም አይፈቀድበትም። ድንኳን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው እዚያው ያለውን የቴክሳስ ስፕሪንግስ ካምፕ ነው፤ ጄኔሬተር ስለማይፈቀድ ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው።

በሙቀቱ ወራት የግድ ማደር ካለባችሁ ወደ ላይ ውጡ። የዋይልድሮዝ ካምፕ 1,250 ሜትር፣ የማሆጋኒ ፍላት ካምፕ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ማሆጋኒ ፍላት ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አሉት፤ ግን ውሃ የለውም፣ መንገዱም ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይዘጋዋል።

ድንኳን የማይሆንላችሁ ፈርነስ ክሪክ ሁለት ሆቴሎች ታገኛላችሁ። በ1927 የተከፈተው ዘ ኢን ውድ ነው፤ ዘ ራንች ለቤተሰብ ይቀላል። በፓርኩ ሌላ ቦታ ያሉት ስቶቭፓይፕ ዌልስና ፓናሚንት ስፕሪንግስም ክፍል ያከራያሉ። ሁሉም ከሞላ ከፓርኩ ውጭ ፓራምፕ ወይም ቤቲ ከተማ እደሩ።

ድንኳን የሚያበላሸው በአብዛኛው ነፋስ ነው፣ በተለይ በጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ)። መሬቱ ጠጠርና ደረቅ ስለሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ ይጎብጣል። ወፍራም የብረት ካስማና መዶሻ ያዙ፤ በአራቱም ማዕዘን ከውስጥ የውሃ ጀሪካን አስቀምጡ። ለጉብኝት ስትሄዱ ድንኳኑን አጥፋችሁ አስተኙት፤ ባዶውን ከተተወ ነፋስ ይወስደዋል።

ቡና ያለ ጀበና አይሆንም የምትሉ፣ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ከሰሉን፣ የዕጣን ማጨሻውን ፍም ጭምር፣ በምንም ምክንያት ወደ ድንኳን ወይም መኪና እንዳታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ብርድ ሲያይልና ልጆች ሲንቀጠቀጡ ፍም የማስገባቱ ሐሳብ ይመጣል፤ መፍትሔው ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚያገለግል የመኝታ ከረጢትና ከስር የሚነጠፍ ምንጣፍ ነው። ከፓርኩ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ነው፤ መኪናው ውስጥ ትርፍ ይኑር። የሁዳዴ ጾምና ረመዳን ደስ ከሚለው የጉብኝት ወቅት ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ። ውሃ ሳይጠጣ የሚጾም ሰው የእግር ጉዞውን ይተወው፤ ከመኪና ሆኖ የሚያየው ብዙ ነው።

ነዳጁን ፓራምፕ ላይ ሙሉ፤ ውስጥ አለ፣ ግን ውድ ነው። መግቢያ የሚከፈለው በካርድ ብቻ ነው። ስልክ በአብዛኛው ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ፣ የወረቀትም ያዙ። የስልክ መሪ አቋራጭ ብሎ ወደ ጥርጊያ መንገድ ቢመራችሁ አትከተሉት። መኪናው ቢበላሽ አጠገቡ ቆዩ፤ ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ያያል።

ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ጠዋት የፓርኩን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ እዩ። በ2023 ኦገስት የሂላሪ ማዕበል ያመጣው ጎርፍ ፓርኩን ሁለት ወር ያህል ዘግቶት ነበር፤ ከዚያም በኋላ አንዳንድ መንገዶች ተዘግተው ቆይተዋል።