የቮልሴን ካምቢዮ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአባቴ የወረስኩት እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስ አለኝ። ሞተሩ 1200፣ ባትሪው 6 ቮልት ነው። በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ አዳማ እመላለሳለሁ። በፍጥነት መንገዱ 90 ስነዳ ሞተሩ በጣም ይጮሃል። ሶማሌ ተራ የ1500 ቮልስ ካምቢዮ አግኝቻለሁ። የኋላ አክስሉንም አብሬ ልቀይር ወይ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህን መኪና እየነዳህበት መሆኑ ደስ ብሎኛል። ለካምቢዮው ግን ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሂሳቡን እንየው።

ያንተ ቮልስ ዲፈረንሻል ምጣኔ 4.375 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ያን ያህል ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የ1500ው 4.125 ነው። አራተኛ ማርሽ በሁለቱም 0.89 ነው። ስለዚህ በፋብሪካው ጎማ 90 ላይ ሞተርህ በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ብትቀይር ወደ 2,800 ይወርዳል። ልዩነቱ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጆሮህ አይለየውም።

እግርህ ግን ይለየዋል። ሞተርህ አዲስ ሳለ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛው ገደማ ይጠፋል። ወደ አዳማ ስትሄድ ቁልቁለት ነው፤ አይታወቅህም። ስትመለስ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ምጣኔው ዝቅ ባለው ዲፈረንሻል አራተኛ የሚወጣውን ዳገት በሦስተኛ ልትወጣው ነው። ያኔ ጩኸቱ ይብሳል።

ደግሞም 3,000 ዙር ለዚህ ሞተር ጭንቀት አይደለም። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 3,600 ላይ ነው። መጀመሪያ ማርሚታውን፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን የድምፅ መከላከያ አስፈትሽ። እኔ ገንዘቤን እዚያ ላይ ነው የማወጣው።

ሞተሩንም ወደ 1500 ወይም 1600 የምታሳድግ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ 4.125 ትክክለኛ ምርጫ ነው። ግን ካምቢዮውን ብቻውን አትግዛ። ከአክስሉ፣ ከፍሬን ታምቡሩና ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) ጋር ሙሉውን ውሰድ። ካንተ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠሩት ቮልሶች አክስል ካንተው ይረዝማል። ያንተ ቮላኖ 109 ጥርስ ነው፤ በኋላ የመጡት የ12 ቮልት ቮልሶች 130 ነው። ካልተጣጣሙ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጥርሱን አይነክስም። እንግዲህ ኤሌክትሪኩም ወደ 12 ቮልት መሄዱ አይቀርም።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የድሮ ኮምቢ ካምቢዮ «ያው ነው» ብለው እንዳይሸጡልህ። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 የነበረው ኮምቢ ጎማው ጋ አዟዟሩን የሚገለብጥ ተጨማሪ ጥርስ ስላለው ዲፈረንሻሉ በተቃራኒው ጎን ነው የተገጠመው። እንዳለ ቮልስ ላይ ከገባ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖርሃል!

አክስሉን 1302 በተባለው የቮልስ ሞዴል ላይ ወደነበረው ባለ ሁለት መጋጠሚያ ዓይነት መለወጥ ይቻላል። መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ መታጠፉን ያስቀራል፤ ለደህንነት ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ሻንሲው ላይ ብየዳ ይፈልጋል፤ ካምቢዮውም የራሱ ነው። ልኩ በትንሹ ከተዛባ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይህን በእጁ ሠርቶ ያሳየህ ባለሙያ ከሌለ አትጀምረው። ባለህ አክስል ጥሩ ጎማ አድርግ፣ ለኋላ ጎማ ከፊቱ ከፍ ያለ ንፋስ ሙላ፣ መታጠፊያ መሃል ላይ ድንገት ነዳጅ አትልቀቅ።

ሶማሌ ተራ ያገኘኸው ካምቢዮ ከምን ዓመት መኪና እንደወጣና አክስሉ አብሮት እንዳለ ጻፍልኝ። ከዚያ መግዛት አለመግዛቱን እንነጋገራለን።